መሰንቆ ይዞ ወደ ጌት

ለጥበብ ብሎ ቂርያት ጋት የሚሄድ ሰው የለም። ከቴል አቪቭ ወደ ቤርሳቤህ የሚወርደው ባቡር ለጥቂት ጊዜ ይቆምባትና መንገዱን ይቀጥላል። ስሟ ሲነሣ ሰው የሚያስበው የኢንቴልን የቺፕ ፋብሪካና የበጋውን ሙቀት ነው። ሙዚየም ያማረው ቴል አቪቭ ይቀራል፤ ጸሎት ያማረው ኢየሩሳሌም ይወጣል። ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ይህች የደቡብ ከተማ ለጎብኚ ብላ የምትኳኳል አይደለችም። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ምክንያቱም ስድብ ቢጤ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሁለገብ የሚባል ፌስቲቫል ይደረጋል። ኮንፌዴሬሽን ሃውስ የተባለው የባህል ማእከል ከ2010 ጀምሮ የሚያሰናዳው ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ትውልዳቸው ከኢትዮጵያ የሆነ የእስራኤል ከያንያን ሙዚቃቸውን፣ ቲያትራቸውንና ውዝዋዜያቸውን ያቀርቡበታል። ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ዝግጅቱ ጥሩ ነበር፤ ድምፁ የጠራ፣ መብራቱ የተጠና፣ ተመልካቹም ጨዋ። ያስከፋኝ ይኸው ጨዋነት ነው። መሰንቆው ሲያለቅስ አንድ ሰው እንኳ “ወይኔ!” አላለም። ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀና ሲያልቅ አጨበጨበ። ስንወጣ ደጅ ላይ ያገኘሁትን ኪቦርድ ተጫዋች ይህንኑ አጫወትኩት። እኔም መሰንቆ እንደምጫወት፣ አዲስ አበባ በሆቴልና በሰርግ ቤት እንደምሠራ ስነግረው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ “እዚህ ላንተም ያጨበጭቡልሃል” አለኝ። “መቻል አለመቻልህን ማወቅ ከፈለግህ ግን ቂርያት ጋት እናቴ ዘንድ ልውሰድህ። እሷ እንዲሁ አታጨበጭብም።”

በእሱ መኪና በኤላ ሸለቆና በቤት ጉቭሪን በኩል ወረድን። ኤላ ሸለቆ ዳዊት ጎልያድን የጣለበት ነው፤ ጎልያድ ደግሞ የጌት ሰው ነበርና ቂርያት ጋት ስሟን ያገኘችው ከዚያችው ከፍልስጥኤማውያን ጌት ነው። ስሙን ያወጡላት ሰዎች በአጠገቧ ያለው ጉብታ ጥንታዊቷ ጌት መስሏቸው ነበር። የቁፋሮ ሊቃውንት ግን ከዚያ ወዲህ እውነተኛዋ ጌት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከዐሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ቴል ጻፊት በሚባለው ኮረብታ ላይ እንደነበረች ተቀብለዋል። እኔ ስለ ጉብታው ብዙም አልተጨነቅሁም። መንገዱን ሁሉ ሳስበው የነበረው ወደ ጌት የሄደውን ባለ አውታር ነው። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የጌት ንጉሥ አንኩስ ዘንድ ሲደርስ ሰዎቹ ዐወቁት። ፈራና ዕብድ መሰለ፤ በር ቧጠጠ፣ ለሃጩን አንጠባጠበ፣ ንጉሡም ተጸይፎ አባረረው። በገና ደርዳሪ አድርገን የምንስለው ሰው ጌት ገብቶ ነፍሱን ያተረፈው በትወና ነው። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀና፣ “እናቴ ፊት ትወናም አይሠራም” አለኝ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የላኪሽን አካባቢ በሰው ለማስፈር በወጣው ዕቅድ ነው። ቀደም ብለው የገቡት ከሞሮኮ የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ኢራቅ አል-መንሺያና አል-ፋሉጃ የሚባሉ የዐረብ መንደሮች ነበሩበት፤ በ1948ቱ ጦርነት የግብጽ ጦር እዚህ ተከብቦ ወራት ሲቆይ ከመኮንኖቹ አንዱ ገማል አብደል ናስር ነበር። መንደርተኞቹ በ1949 ተገፍተው ከወጡ በኋላ አልተመለሱም። ከሰሜን አፍሪካ ሰዎች በኋላ በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡት ገቡ፤ የኛዎቹ ቤተ እስራኤልም ከሱዳን በረሃ፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ካምፕና ካራቫን አሳልፈው እዚህ ቤት ያዙ። ፖልጋት የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ እንጀራ ነበር፤ ከዚያ የኢንቴል ዘመን መጣ። በጓደኛዬ እናት ሕንጻ ደረጃ ላይ ይህ ታሪክ በሙሉ በሽታ ይታወቃል፤ ከሙንና ድምብላል፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከዚያም የሚቆላ ቡና።

እማማ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። የበለሳ ሰው ናቸው። ከመንደራቸው ሱዳን ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ መጠለያ ከርመው፣ በ1984 መጨረሻ ዘመቻ ሙሴ በተባለው የአውሮፕላን ዘመቻ ነው እስራኤል የገቡት። በዚያ ጉዞና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። እማማ ስለዚያ በቀጥታ አያወሩም። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ መሰንቆዬን አወጣሁ። በጥፍራቸው ቆዳውን መታ አደረጉና፣ “ላልቷል፤ እሳት አሳየው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የባሕሩ እርጥበት ቆዳ ያላላል። በረንዳው ላይ ከተያያዘው ከሰል አጠገብ ይዤ አሞቅሁት፤ ከዕጣናቸው ቆንጥሬ የደጋኑን ጭራ አሸሁ። ከዚያ ትዝታ ተጫወትኩ፤ ቀስ ያለውን፣ ሆቴል እንግዶች ሲበሉ የምጫወተውን። እማማ እስኪያልቅ ሰሙና፣ “የኔ ልጅ፣ ይሄ የእራት ነው። ሰው ሲቆምልህ የምትጫወተው የለህም?” አሉ።

አለኝ አልኳቸው። እስኪ እንግዲያ ማታ እናያለን አሉ። ማታ የቀለበት ድግስ ነበር።

እስከዚያ ግን የልጅ ልጃቸው ያዘኝ። ከውትድርና የወጣ ወጣት ነው፤ ራፕ ይሠራል፣ ለጓደኞቹም ምት ይሠራላቸዋል። ስቱዲዮው የቤቱ መጠለያ ክፍል ነው፤ እነሱ ማማድ ይሉታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በሚገነቡ ቤቶች ሁሉ ግዴታ የሆነ፣ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ መስኮቱ ከባድ ብረት የሆነ ክፍል ነው። ለሮኬት ተብሎ የተሠራ ግድግዳ የመንገድ ጫጫታም አያስገባም፤ ችግሩ ኮንክሪት ድምፅን መልሶ ይወረውራል። ልጁ የአያቱን ጋቢዎች ዙሪያውን ሰቅሎባቸዋል። ይህን ያህል ጥሩ የሚሠራ የድምፅ መምጠጫ ብዙ ስቱዲዮ ውስጥ አላየሁም። ሳይረን ሲጮኽ መላው ቤተሰብ ስቱዲዮ ይገባል፤ አንዱን ቅጂውን ሲያሰማኝ ከበስተኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፤ አላወጣውም።

አማርኛው እንደ ሕፃን አማርኛ ነው፤ ሁሉን ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በዕብራይስጥ ነው። የቅኝቶቹን ስም አያውቅም። “ጨለማ ያለበት ነገር ተጫወትልኝ” ሲለኝ አንቺ ሆዬን ተጫወትኩለት። ቀዳው፣ መልሶ ሲያሰማኝ ግን የኔ አልነበረም። የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ሳይነገረው በርቶ ኖሯል። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። መሰንቆ ላይ ጣት ጭራውን ወደ እንጨቱ አይጫነውም፣ ከጎኑ ይነካዋል እንጂ፤ ስለዚህ በሁለቱ የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለውን ሁሉ ያገኛል። አንቺ ሆዬ ደግሞ የሚኖረው እዚያ መካከል ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ድምፅ ቅርብ ወዳለው ቁልፍ ጎትቶ አስቀምጦታል፤ የወጣው ዩኒፎርም የለበሰ መሰንቆ ነው። ልጁ ሁለቱንም ደጋግሞ ሰማ፤ የተስተካከለውን፣ ያልተስተካከለውን። “የመጀመሪያው ትክክል ነው፣ ሁለተኛው ግን ያማል” አለ። የሚያመውን አስቀረው። ሙዚቀኛ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቀጥሎ የተጣላነው በምት ነው። እሱ የሠራው በአራት የሚቆጠር፣ ከባድ፣ ራስን የሚያስነቀንቅ ምት ነበር፤ መሰንቆውን በላዩ ላይ ቢጥለውም አልተዋሐደውም። ጭቅጭቃ በስድስት ነው የሚቆጠረው አልኩትና ጠረጴዛውን እየመታሁ አሳየሁት። በዚህ መካከል እማማ ቡና ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጁ ቁጥሩን ቀየረ፣ ከበሮውን ደረደረ፣ ለቀቀው። እማማ ስኒውን እንደያዙ ግራ ትከሻቸው ተነቃነቀ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ቡናው አልፈሰሰም። ልጁ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አያቱ ትከሻ እያየ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ጨመረ። ትከሻው የሚነቃነቅበትን ቦታ ሲያገኝ ቁጥሩን ጻፈው። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለኝም አለ።

የቂርያት ጋት ልጅ ሲዘፍን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኒኔት ታዬብ ከዚህች ከተማ ወጥታ በ2003 “ኮካብ ኖላድ” የተባለውን የዘፈን ውድድር በመጀመሪያው ዙሩ አሸነፈች፤ አገሩ በሙሉ በስሟ የሚጠራት ሆነች። ኤደን አለነ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ኢየሩሳሌም ተወልዳ፣ ኋላ ቂርያት ጋት የኖረች ናት። በ2018 ኤክስ ፋክተርን አሸነፈች፤ በ2020 እስራኤልን በዩሮቪዥን ወክላ እንድትዘፍን ተመረጠች። የተመረጠላት ዘፈን “ፍቅር ልቤ” ይባል ነበር፤ ኢዳን ራይኼልና ዶሮን ሜዳሊ የጻፉት፣ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና አማርኛ ያለበት። ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በተከታዩ ዓመት ሮተርዳም ላይ የቆመችው በሌላ ዘፈን ነው፤ 17ኛ ወጣች፣ በጣም ከፍ ያለውን የፉጨት ድምፅዋን ግን እስካሁን ያነሡታል። በአማርኛ አርእስት ዩሮቪዥን መድረክ ሊወጣ የነበረ ዘፈን በወረርሽኝ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የጓደኛዬ እህት ግን ከኔ ጋር አልተስማማችም። “እንኳን ሁለት ቃል ሰሙልን ብዬ አልደሰትም” አለችኝ፤ “ሙሉ ዘፈን አለን።”

ነገሩ ቀላል አይደለም። ራይኼል በወጣትነቱ ለስደተኛ ልጆች በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያገለግል ከኢትዮጵያ ልጆች የማሕሙድ አሕመድንና የአስቴር አወቀን ካሴት ሰማ፤ የ2002 አልበሙ ሲወጣ አማርኛ በእስራኤል ሬዲዮ በሰፊው መሰማት ጀመረ። በዚያ ምክንያት ደስ ያላቸው አሉ፣ ማጌጫ ሆንን ያሉም አሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ቤት፣ በአንድ ሶፋ ላይ ሰምቻለሁ። ከዚያ ጎን በቀጥታ ከውስጥ የሠሩ አሉ። ሳክስፎን ተጫዋቹ አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ የዲድ ጋር “ራስ ዳሸን” ብለው ተጣምረው የሠሩት ሥራ እኔን ከየትኛውም የሬዲዮ ዘፈን በላይ ያቆመኛል። እስክስታውንም ሩት ኤሼል በ1995 ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ “እስክስታ” የሚል ቡድን አቋቁማ ወደ ዘመናዊ ዳንስ መድረክ አወጣችው፤ ከተማሪዎቹ መካከል የነበረችው ደጌ ፈደር ዛሬ “ቤታ” የተባለውን የዳንስ ቡድን ትመራለች። ቂርያት ጋት ግን ከእነዚህ መድረኮች ሁሉ ይርቃል። ከተማው ዘፋኙን ያሳድግና ለሌላ ከተማ ይሰጣል።

ከድግሱ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬና ከራፐሩ ልጅ ጋር አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የቤተ እስራኤል ጸሎት በግእዝ፣ በከፊልም በአገውኛ ነው፤ በአንዳንድ በዓላት ነጋሪትና ቃጭል ይመታበታል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ምሁር ኬይ ካውፍማን ሼለመይ በ1973 ጎንደር አካባቢ ይህን ዜማ ስትቀዳ ከርማ በ1986 ያሳተመችው መጽሐፍ ዜማውን ከኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳማት ጋር አያይዞታል፤ ብዙዎችንም አከራክሯል። እኔ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ ቄሱ ሲጀምሩት ጆሮዬ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ባልጠበቅሁት ቦታ ታጠፈ፣ ጠፋብኝ። ሲጨርሱ መሰንቆዬን አይተው፣ “እሷን ለሰርግ አድርጋት፤ ከዚህ ጋር አታገናኛት” አሉኝ። አላገናኘሁም። ልጁ ግን የቄሱን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ኖሯል። አጎቱ የሆነው ጓደኛዬ አስጠፋው።

ድግሱ የተደገሰው ምድር ቤት ነው። ብዙ የእስራኤል ከተሞች ውስጥ የሕዝብ መጠለያ ምድር ቤቶች ሰላም ሲሆን የስፖርት፣ የልምምድ፣ የጸሎትም ክፍል ይሆናሉ፤ ይህኛው ሰፈርተኛው ለድግስ የሚጠቀምበት ነው። ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል አለ። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ጓደኛዬ ኪቦርዱን ዘረጋ፤ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከደረጃው ግርጌ ባለው ቤት የሚኖሩ አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ ደርቡካቸውን ይዘው ገቡ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልገረመውም። ጭቅጭቃውን ስጀምር እኔ ወደ እሳቸው ለመምጣት ስዘጋጅ እሳቸው ቀድመው እዚያው ነበሩ። ሻዕቢ የሚሉት የሞሮኮ የሰርግ ሙዚቃም በስድስት ይቆጠራል። ቀን ሙሉ ከአንድ ራፐር ጋር ስከራከርበት የዋልኩትን ነገር ሽማግሌው በአንድ እጅ ፈቱት፤ ሌላው እጃቸው ሲጋራ ይዟል።

ሰው ተነሣ። እኔ ጎንደር ሰርግ ላይ ተጫውቼ ዐውቃለሁ፤ አዲስ አበባም የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ተጫውቻለሁ። እዚህ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እዚሁ የተወለዱ፣ አማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር የማይጨርሱ ልጃገረዶች ትከሻቸው የበለሳ ነው። አንገታቸው፣ እስትንፋሳቸው፣ ወደ ፊት ወርደው የሚነሡበት ሁኔታ ሳይቀር ልክ ነው። ማን አስተማራችሁ ስላቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም።

ከዚያ እማማ ተነሡና ከመሰንቆው ፊት ቆሙ። ክፍሉ ዝም አለ። “ተቀበል!” አሉኝ።

ሱዳንን በእግሬ አቋርጬ አልፌ፣
ሊፍት አስፈራችኝ ደጇን ተደግፌ።

ተቀብዬ ደገምኩት፤ አዛውንቶቹ ወደቁ በሳቅ፤ አንዲት እናት ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሳቅም ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅሁም። ወጣቶቹም ሳቁ። በኋላ ስጠይቃቸው ከሁለቱ መስመር የገባቸው ሱዳንና ሊፍት ብቻ ነበር፤ ለመሳቅ ግን ያ በቃቸው። እማማ ደጋግመው አቀበሉኝ፤ ሌሎቹም እናቶች እየተነሡ አቀበሉ፤ ስለ ምራቶቻቸው፣ ስለ ፈረንጅ ሐኪም፣ ስለ ጡረታ ብር፣ ስለ ሞተ ወንድም። አንዱን ግጥም ሙሽሪት አያቷን ጎትታ “ምን አለች?” ብላ ጠየቀች። አያትየው ግማሽ ዕብራይስጥ ግማሽ አማርኛ አድርገው ሞከሩ፣ መሀል ላይ ተዉትና፣ “ተይው፣ ጨፍሪ!” አሏት። ጨፈረች።

እኔ ቂርያት ጋትን የማስታውሰው በዚህ ነው። ትከሻው ተላልፏል። ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ መድረክ፣ ያለ በጀት ከእናት ወደ ልጅ ተሻግሯል፤ ቃሉ ግን አዛውንቶቹ ዘንድ ቆሟል። አዝማሪ ደግሞ ያለ ቃል ግማሽ ነው። እኔ ከማጫውታቸው ይልቅ እነሱ የሚያቀብሉኝ ነው ሙዚቃውን የሚሠራው፤ የሚያቀብለኝ ከሌለ ዞሮ ዞሮ የእራት ሙዚቃ ተጫዋች ነኝ። ባዚ ጌቴ በ2014 የሠራው “ቀይ ቅጠሎች” የሚባል ፊልም አለ፤ የእኛው ደበበ እሸቱ ነው መሪ ተዋናዩ። ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት ቤቱን ሸጦ ከልጆቹ ቤት ወደ ልጆቹ ቤት ይዞራል፤ በየቤቱ የሚናገረውን የሚሰማው እያጣ ይሄዳል። ፊልሙን አዲስ አበባ ሆኜ ሳየው ክፋቱ የልጆቹ መስሎኝ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ የአያቷን እጅ ይዛ “ምን አለች?” ያለችውን ሙሽራ ካየሁ በኋላ እንደዚያ አይመስለኝም። ልጆቹ መስማት ይፈልጋሉ፤ አያቶቹ ደግሞ መሀል ላይ ይደክማቸዋል።

ይህን የምለው ያለፈውን ለማሳመር አይደለም። በአገር ቤት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ነበሩ፤ ጎረቤቱ ማረሻውንና ድስቱን ከእነሱ ገዝቶ ሲያበቃ ቡዳ ይላቸው ነበር። አዝማሪንም ሰው ለሰርጉ ይጠራዋል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ለቱሪስት ይሸጡ የነበሩት የሸክላ አንበሶች በየፈረንጁ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ፤ ሠሪዎቹ ግን መሬት እንኳ የራሳቸው አልነበረም። እማማ ይህን ከኔ በተሻለ ያውቁታል። “የኛ እጅና የናንተ አፍ ሰው ሲፈልገው ብቻ ነበር የሚያምረው” አሉኝ በማግሥቱ፣ ጤፍ እየነፉ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ሆኖ ስልኩን ሲነካ፣ ይህን ቀድቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ቀን ልጁ ካርሜ ጋት ወደሚባለው አዲሱ ሰፈር ወሰደኝ። ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ዛፉ ገና ከሰው ቁመት ያላለፈ ነው። ከኦክቶበር 2023ቱ የሐማስ ጥቃት የተረፉት የኒር ኦዝ ኪቡትዝ ሰዎች በ2024 መጀመሪያ የሰፈሩት እዚህ ነው። ልጁ ከእነሱ መካከል ጊታር የሚጫወት ጓደኛ አፍርቷል። ጓደኛው ባለጊታር ስለ ጦርነቱ ምንም አልተናገረም፤ የመሰንቆውን ጭራ ነክቶ ስንት ክር እንዳለው ቆጠረ። አንድ ክር መሆኑን፣ ጭራው በሙሉ እንደ አንድ እንደሚቆጠር ስነግረው፣ ጊታሩ ላይ አምስቱን ክር ፈትቶ በአንዱ የባቲን ቅኝት ለማግኘት ከሰዓቱን ፈጀ። አገኘውም፣ ወደ መጨረሻው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ልጁ ዘፈኑን እየሠራ እየሠራ ይልክልኛል። አንቺ ሆዬው ሳይስተካከል አለ። የሽማግሌው ደርቡካም አለ፤ ሲጋራቸውን ሲያጨሱ የሚያስሉት ሳል ሳይቀር። መሀል ላይ የእማማን የሊፍት ግጥም በራሳቸው ድምፅ አስገብቶ፣ ቀጥሎ እሱ በዕብራይስጥ ይመልስላቸዋል። የመለሰውን ጓደኛዬ ተርጉሞልኛል፤ አይዞሽ፣ ደረጃውን አብሬሽ እወጣለሁ ዓይነት ነገር ነው፤ ከግጥሙ ግማሹን አልወደድኩትም፤ ነግሬዋለሁ። ትልቁ ጠባችን ግን አሁንም በፍጥነቱ ነው። ለክለብ እንዲሆን ብሎ ከዚያ ቀን ቁጥር በላይ ወስዶታል። በዚህ ፍጥነት ትከሻ አይደርስም፣ አያትህን አስደምጣትና እሷ ትፍረድ ብዬ ጻፍኩለት። አስደምጧቸው ኖሯል። ጭፈራው ደህና ነው፣ እኔ ስናገር ግን ቀስ በል ብለውታል። አሁን የእሳቸው መስመር ሲደርስ ምቱን እየቀነሰ፣ ሲጨርሱ እየመለሰ ሌላ ቅጂ እየሠራ ነው። እኔ ከመልስ በኋላ ያለውም ፈጥኗል ባይ ነኝ።